ለአንድ እግር ሦስት ሴት

ሰኞ፣ የካቲት 9። ጠዋት

መጣች። ሄደች። የተቀመጠችበት ወንበር እንኳ አልሞቀም።

ላሪሳ ትባላለች፣ የክሊኒኩ ነርስ። ከራሺያ አገር የመጣች። በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። የግራ እግሬን ፋሻ ትፈታለች፣ አውራ ጣቴ ሥር ያለውን ቁስል ትጠርጋለች፣ መድኃኒት ትቀባለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች፣ ውልቅ። ተነሥቼ በር ድረስ ልሸኛት ስል እሷ ደረጃው ላይ ናት። ሰው ቤት ገብቶ እንዲህ ይወጣል? እህል ቅመሺ የምልበት ጊዜ እንኳ አትሰጠኝም።

ፋሻውን ውኃ እንዳታስነካው ሳባ፣ ትለኛለች ሁልጊዜ። ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። የማን አያት? ይርጋ የሚባል ስም አለኝ። በሴዴር አልኳት፣ እሺ ማለት ነው። እሺ ካሏት ቶሎ ትሄዳለች።

ከወጣች በኋላ እንደ ወትሮዬ። ፋሻውን ቀስ አድርጌ ፈታሁ፣ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። በባልዲ ውኃ ቀዳሁ። ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ታጠብኩ። ፋሻውን መልሼ አሰርኩ። ጠብታ አልነካውም። ቃሌ ቃል ነው። ከዚያ ቁርሴን በላሁ።

ቁስሉ ያው ነው።

አንተ ደብተር፣ ጥሩዬ ካረፈች ወዲህ የምነጫነጭበት ሰው የለኝም። ሚስት የሞተችበት ሰው አፉም አብሮ ይዘጋል። ፊደል የቆጠርኩት በጉልምስናዬ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። መስመር እስታለሁ። አንተ ቻለው።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

አዝመራ መጣች፣ ልጄ። ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

ዶ/ሩ ደውሎላታል። ለኔ ሳይሆን ለሷ! እግሩ የኔ፣ ስልኩ የሷ። ቁስሉ ካልገጠመ ጣቱ ይቆረጣል ብሏል። ጣቱ ብቻ ከሆነም ዕድለኛ ነው አለ አሉ። ስኳር ሲይዝ እንዲህ ነው፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይበላል።

ቀጥላ ሌላውን አመጣች። እዚህ ቤት ብቻዬን መኖሬ ይብቃ። የሽማግሌዎች ቤት አለ፣ ሌላ ከተማ፣ ነርስ ቀንም ማታም አለበት፣ ስሜን አስመዝግባለች። ሳትጠይቀኝ! አልጋ ሲለቀቅ ይጠሩኛል። አልጋ እንዴት እንደሚለቀቅ መቼም ይገባኛል።

ከዚህ ቤት የምወጣው በሸክም ነው አልኳት። ሀደራ ከተማ፣ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር፣ ፎቅ ሁለት፣ ጥሩዬ ያረፈችበት ክፍል፣ መስኮቱን ስከፍት ማን ከማን ጋር እንደተጣላ የምሰማበት ቤት። ጋን ሽሙኤል ፋብሪካ ቲማቲም ስለቅም ጀርባዬ ጎብጦ ነው የያዝኩት።

አለቀሰች። እኔም ተቆጣሁ። ልጅ ሲያለቅስ መቆጣት አይሆንልኝም፣ ግን ተቆጣሁ።

ስምምነት፦ እስከ ፋሲካ ድረስ ጊዜ ሰጠችኝ። እስከዚያ ቤቴ ውስጥ የሚረዳኝ ሰው ይፈለጋል። እሑድ ከመንግሥት መ/ቤት አንዲት ሴት ልታየኝ ትመጣለች። ምኔን እንደምታይ አልገባኝም።

እሑድ፣ የካቲት 15

ዛሬስ ኮራሁ!

ሴትዮዋ መጣች፣ ከአስተርጓሚ ልጅ ጋር። አዝመራ ሥራ ላይ ናት። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ተዘጋጅቼ ነበር። ነጩን ልብሴን ለበስኩ፣ ጋቢዬን ደረብኩ፣ ፋሻዋ የማትታይበትን ሰፊ ጫማ አደረግሁ። በሩን ራሴ ከፈትኩ። ቆሜ ተቀበልኩ። ወንበር ሳብኩላቸው። ብርቱካን ልጬ አቀረብኩ። እግሬ እሳት ነበር፣ ጥርሴን ነከስኩ።

ሴትዮዋ መጠየቅ ጀመረች። ይወድቃሉ ወይ? እ/ር ይመስገን፣ አልወድቅም። (ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት ወድቄአለሁ፣ ግን ተነሣሁ። የተነሣ ሰው ወደቀ ይባላል?) ልብስ ማን ያለብስዎታል? የሚያስቅ ጥያቄ። ምግብ ማን ያበስላል? ራሴ። ሽንት አያመልጥዎትም? እዚህ ላይ አስተርጓሚዋን አየኋት። የኛ ልጅ ናት፣ አንገቷን ደፋች፣ በከንፈሯ ብቻ ነው የጠየቀችኝ ማለት ይቻላል። ተመስገን ደህና ነኝ አልኩ። ለሁሉም ተመስገን።

ሌላ ምን ይባላል? ለማያውቁት ሰው፣ ቤትህ ለመጣ ሰው፣ ገላህን እያማረርክ ትናገራለህ? አባቴ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ ነው ያለው።

ደረጃው ድረስ ሸኘኋቸው። ሴትዮዋ እጅ ሰጠችኝ፣ ፈገግ አለች። በጣም የረካች ትመስላለች።

ከዚያ ታጥቤ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

መልሱ መጣ። ይህ ሰው ምንም እርዳታ አያስፈልገውም። ሁሉን በራሱ ይችላል።

እኔ ደስ አለኝ። አዝመራ ራሷን ያዘች።

አባዬ ምን አደረጉኝ! ትላለች። ብርቱካን ልጠው? ቆመው? ማ ፒትኦም! ምን ሲደረግ ማለቷ ነው፣ ስትናደድ ዕብራይስጡ ይቀድማታል። ለካስ እዚህ አገር እንግዳ ሲመጣ መተኛት ነው የሚያስፈልገው። ማቃሰት። አልጋውን አበላሽቶ መጠበቅ። ጎረቤት ያለው ሽማግሌ እንዲያ አድርጎ ተፈቀደለት አለች። እሰይ፣ ይፈቀድለት! እኔ ውሸት አልተናገርኩም ብል፣ ተናግረዋል አለችኝ። አባቷን!

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፣ ለልጅ እንደሚያስረዱ። ሦስት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛዋ የክሊኒኩ ነርስ፣ ላሪሳ፣ ቁስሉን ብቻ አይታ የምትሮጥ። ሁለተኛዋ መታፔሌት የሚሏት፣ የምታጥብ፣ የምታበስል፣ የምትደግፍ፣ ግን ቁስል መንካት የማይፈቀድላት። እሷን ነው እሑድ በብርቱካን ያባረርኳት። ሦስተኛዋ በግል የምትቀጠር ነርስ። በየቀኑ ትመጣለች፣ ቁስሉንም መርፌውንም ስኳር መለካቱንም ትይዛለች፣ ግማሽ ቀን አጠገብህ ትቀመጣለች። ከፋይዋ አዝመራ።

ለአንድ እግር ሦስት ሴት! ንጉሥ ነኝ?

ልጄ ከደመወዟ ልትከፍልልኝ። ይህ ነው ያቃጠለኝ። ማታውን እንጀራዬ አልወረደልኝም። ግን የሽማግሌዎቹ ቤት እንደ ጅብ በር ላይ ቆሟል። እሺ አልኩ፣ በአንድ ነገር። አዲስ ሰው ቤቴ አይገባም፣ ካልቀረ ያቺው ላሪሳ ትሁን፣ እግሬን አንዴ አይታዋለች፣ ሌላ ሴት ልታየው አልፈልግም። ላሪሳ ክሊኒኩ ውስጥ የምትሠራው ጥቂት ቀን ነው፣ በቀረው በግል ትቀጠራለች አሉ። ተስማማች።

እሑድ፣ የካቲት 29

የመጀመሪያው ቀን። ብሽቅ ብያለሁ።

ማለዳ መጣች። ስኳሬን ለካች፣ የስኳር መርፌውን ወጋችኝ፣ ቁስሉን አየች። ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ዙሪያው ነጭ ሆኖ ተኮማትሯል፣ ውኃ ውስጥ እንደ ቆየ ጣት። ፋሻውን ዳሰሰች፣ ደረቅ ነው። ትታጠባለህ? አለችኝ። ሰው አይደለሁ? አልኳት። ፋሻውን ታስነካዋለህ? በጭራሽ። ራሷን ነቀነቀች።

የሷ ዕብራይስጥ ከኔ ብዙም አይሻልም። ሁለት አንካሳ ሲደናቀፍ ማለት ነው ወሬያችን።

ከዚያ አትሄድም! ተቀመጠች። ማቀዝቀዣዬን ከፈተች። እንቁላል ጠበሰች፣ በኔ ድስት። ብላ አለች። በኋላ አልኳት። ብላ፣ መርፌ ወስደሃል፣ ስኳርህ ይወርዳል። በኋላ።

እንዴት ልብላ? ነክታኛለች። በባዳ እጅ የተነካ ሰው ሳይታጠብ እህል አይቀምስም። አባቴ ከገበያ ሲመለስ ከነልብሱ ወንዝ ውስጥ ይቆም ነበር፣ ከዚያ ነው መንደር የሚገባው። እኛ አትንኩኝ የምንባል ሰዎች ነበርን፣ ጎረቤቶቻችን ይስቁብን ነበር። እዚህ አገር ሲገቡ ሁሉም ተዉት። ጓደኛዬ ሰጠኝ አውሮፕላኑ መሰላል ላይ ነው የተወው። እኔ አልተውኩም። ፋብሪካ እያለሁ እንኳ ከሥራ ስወጣ ሳልታጠብ ውኃ አልጠጣም ነበር። ለማንም አልነገርኩም፣ ማንም አልጠየቀኝም።

ሴት ፊት ደግሞ ገላዬን አልታጠብም። እና ጠበቅሁ። አንጀቴ እየጮኸ ጠበቅሁ። እኩለ ቀን ላይ ሄደች። ታጥቤ እንቁላሉን ቀዝቅዞ በላሁት።

ይህን በየቀኑ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

ሞትን አይቼ ተመለስኩ።

ትናንት ነው። መርፌውን ወጋችኝ፣ ምግብ አቀረበች፣ በኋላ አልኩ። ከዚያ ክፍሉ ይዞር ጀመር። ላብ እንደ ዝናብ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሷ ጭማቂ በብርጭቆ ይዛ መጣች፣ አፌን ዘጋሁ። ጠጣ! ትላለች። ልታጠብ! እላለሁ። በአማርኛ ነው ለካ የምላት፣ ዕብራይስጡ ጠፍቶኛል። ተነሥቼ ወደ ባልዲው ስሄድ ተንገዳገድኩ። ያዘችኝ። እንደ ጆንያ ይዛ አስቀመጠችኝ፣ አፍንጫዬን ይዛ ጭማቂውን አንቆረቆረችው። አፍንጫዬን! የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው!

ወደ ራሴ ስመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ቁጣም ነው። ሞተህብኝ ነበር አለች። ውኃ ሳልነካ እንደማልበላ ነገርኳት። በየቀኑ? በየቀኑ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ። እግርህንም? ታዲያ እግሬን ቆርጬ ላስቀምጠው? ፋሻው ግን ደረቅ ነው! ፈትቼ ነው የምታጠበው፣ መልሼ ነው የማስረው፣ አታስነካው ያልሽኝን አላስነካሁም!

  በራሺያኛ ብዙ ተናገረች። ደግ ነገር እንዳልሆነ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም።

ቀጥላ፣ እኔ ቆሻሻ ነኝ? አለች። ቀስ ብላ።

ኧረ አላልኩም። አንቺን አይደለም። እንዴት ልንገራት? ሕግ ነው አልኩ፣ ያባቴ ሕግ። እሷ ሁለት እጇን አፍንጫዬ ሥር ዘረጋች። እኔም አንተን ከነካሁ በኋላ እታጠባለሁ፣ እስከ ክርኔ ድረስ፣ በሳሙና፣ ሁልጊዜ፣ አለች።

እኔን ነክታ? ምን ሆኜ ነው እኔን ነክታ የምትታጠበው?

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እስካሁን አልሳቅሁም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

አዝመራ ሰማች። ላሪሳ ነግራታለች።

ጩኸቱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማው። ልጄ፣ ስንት ሌሊት ያዘልኳት ልጅ፣ ራስዎን በባልዲ እየገደሉ ነው አለችኝ። ስንት ነርስ፣ ስንት መድኃኒት፣ ስንት ጊዜ ሐኪሙ መድኃኒት ቀየረ፣ እርስዎ በየቀኑ ቁስሉን ሲዘፈዝፉት! ለምን አልተናገሩም?

ማን ጠየቀኝ? አልኳት። ፋሻውን ጠየቁኝ፣ ፋሻው ደረቅ ነው። ስኳሬን ይለካሉ፣ ክብደቴን ይለካሉ፣ ደሜን ይቀዳሉ። ይርጋ፣ አንተ በቤትህ እንዴት ትኖራለህ ያለ አንድ የለም። አንቺስ? ከዚያው ወንዝ የመጣሽ አይደለሽም?

እኔ ስመጣ ሕፃን ነበርኩ አለች። ይህ አንጀቴን በላው። እውነት ነው። ያላየችውን እንዴት ትጠይቅ? ግን እሷ ፊት ይህን አልተናገርኩም።

ከዚያ ፍርዷን ሰጠች። የሽማግሌዎቹ ቤት ደውለዋል፣ አልጋ ተለቋል። ወይ መታጠቡን ይተዋሉ፣ ወይ እሑድ እሺ እላቸዋለሁ አለች። እዚያ ገላዬን ራሳቸው ያጥቡኛል፣ ሲፈልጉ፣ በፈለጉት ሰው እጅ።

ልተው? በስተርጅና፣ ለአንድ ጣት? ያ ደግሞ አባቴን ወንዙ ውስጥ ገፍቶ እንደ መጣል ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 4። ፀሐይ ሳትገባ

እያነከስኩ ናሓል ሀደራ ወደሚሉት ወንዝ ወረድኩ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር። ሰጠኝ እዚያ ነው የሚውለው። አንድ ቀበሌ ተወልደን አንድ ፎቅ ሥር ያረጀን ነን።

ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንተ ሰው፣ ሙሴ እንኳ እንዳንተ አላከረረም አለኝ። ነርሷ ምን አለች? አፍንጫዬን ያዘች ስለው ጭራሽ መሬት ተቀመጠ።

ስቆ ሲበቃው፣ ታዲያ ተወዋ አያ ይርጋ፣ ሁላችንም ትተናል፣ ሰማዩ አልወደቀም አለ። አንተ ቀድሞም ገላህን መታጠብ አትወድም ነበር አልኩት። ያን ጊዜ ደግሞ የመቆጣት ተራው የሱ ሆነ፣ ተኮራረፍን።

ስመለስ አውቶቡስ ጠበቅሁ። አጠገቤ ሁለት የኛ ሴቶች ቆመዋል፣ አሮጊቶች፣ ስለ ዱሮ መንደር ያወራሉ። አንዷ የመርገም ጎጆውን ታነሣለች። ወር ሲመጣ ከመንደር ዳር ባለችው ጎጆ ሰባት ቀን መቀመጥ፣ በዝናብ፣ በብርድ፣ የራስ ሳህን፣ የራስ ምንጣፍ፣ የሚመጣልሽን ምግብ ከድንጋዩ አጥር ላይ ማንሣት። ሌላዋ፣ ኧረ ዕረፍትም ነበር፣ ከባል ጭቅጭቅ፣ አለች። ተሳሳቁ።

አውቶቡሱ መጣ። አልተሳፈርኩም። ቆሜ ቀረሁ። አንድ ነገር ራሴ ውስጥ ገባ። ጥሩዬ ያንን ሁሉ ዓመት ጎጆው ውስጥ ስትቀመጥ አልታጠበችም። በሰባተኛው ቀን ነው የምትታጠበው። በመካከሉ በላች፣ ጠጣች፣ ተኛች። ሕግም አልፈረሰም።

ሰንበት ሊገባ ነው፣ አቁማለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 6

ወሰንኩ፣ ፈጸምኩም።

አልጋዬን ወደ በረንዳው አወጣሁ። መስታወት የታጠረው በረንዳ፣ ጥሩዬ ልብስ ታሰጣበት የነበረው። ሰጠኝን ለምኜ አስገፋሁት (ኩርፊያው ሁለት ቀን አልቆየም)። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ ለየሁ። ቤቱ ውስጥ አልገባም፣ ካልቸገረኝ በቀር። የሰው እጅ አልጨብጥም። ጸሎት ቤት አልሄድም። እግሬ እስኪገጥም ድረስ ርኩስ ነኝ። ርኩስ ሰው ደግሞ በየቀኑ መታጠብ የለበትም፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚታጠበው። የተነካሁት አንዴ ነው፣ ንክኪውም ገና አላለቀም፣ ስለዚህ አልታጠብም። እግሬን አላርስም። ላሪሳ ፊት ቁርስ እበላለሁ፣ ከራሴ ሳህን።

አዝመራ ስትመጣ ይህን አየች። አልጋው እዚያ፣ እኔ እዚያ። አስረዳኋት። አሁን ደግሞ ብርድ ሊገድልዎ ነው ብላ ጀመረች፣ ከዚያ መሀል ላይ ተወችው። እናቴ እንዲህ ትቀመጥ ነበር? አለችኝ። አዎ አልኩ። እርስዎ ምግብ ይወስዱላት ነበር? እህቴ ትወስድ ነበር፣ እኔ አልወስድም ነበር። ወንድ አይሄድም።

ለሽማግሌዎቹ ቤት ደውላ ጊዜ ጠየቀች። እስከ ፋሲካ ይጠብቃሉ፣ ዶ/ሩ ያኔ አይቶ ይወስናል።

ላሪሳ በረንዳው ላይ ተንበርክካ ሠራች። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይህ የኔ ሆስፒታል ነው አልኳት። የምትሠራበትን ጠረጴዛ ራሷ ወደ በረንዳው አመጣች። እኔ ሳባ አትበይኝ አልኳት፣ ይርጋ ነው ስሜ። ዪርጋ አለች። ይሁን።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ሰጠኝ ከታች ሆኖ፣ አራሷ እንዴት ናት! ብሎ ይጮኻል። ልጅ አዋቂው መስኮት ከፍቶ ይስቃል። እኔ ከላይ ሆኜ፣ ገንፎ ይዘህ ካልመጣህ አፍህን ዝጋ አልኩት። ማታ እውነትም ገንፎ ይዞ መጣ። በሩ ሥር አስቀመጠው፣ ወደ ኋላ አለ፣ እስካነሣው ጠበቀ። አትቀልድብኝ አልኩት። አልቀለድኩም፣ እናቴን እንዲህ ነበር የማበላት፣ ልጅ ሆኜ ተልኬ፣ አለኝ። 

ገላዬ ይሸተኛል። ያሳክከኛል። ላሪሳ ሌላውን ገላህን በፎጣ ልጥረግልህ አለች። እምቢ! ሲገጥም ሁሉም በአንድ ላይ። እሷም እልኸኛ ናት፣ በቃ፣ በዚህ ሽታ አልሠራም ብላ ተቆጣች። እኔም መስኮቱን ክፈቺው አልኩ። ከፈተችው። ብርዱ ሁለታችንንም አንዘፈዘፈን። ማናችንም አልዘጋነውም።

ግን ቁስሉ። ነጩ ጠፍቷል። ጠርዙ ቀልቷል፣ ጥሩ ቀይ ነው አለች። በስልኳ ፎቶ አነሣችው፣ ልክ የልጅ ልጅ እንደሚያነሡ።

ሰኞ፣ መጋቢት 21

ዶ/ሩ ዘንድ ሄድን፣ እኔ፣ አዝመራ፣ ላሪሳ። ለአንድ እግር ይኸው ሰልፍ።

አየ። ሁለት ጊዜ አየ። አይቆረጥም አለ። ግማሹ ገጥሟል፣ የቀረው ሦስት አራት ሳምንት በደረቁ ከተያዘ ይገጥማል። አንዴ ውኃ ከገባው ግን ከመጀመሪያው እንጀምራለን፣ ያኔ ጣቱን አልምርም አለ። ምን አደረጋችሁ ብሎ ላሪሳን ጠየቃት። እሱ ነው ያደረገው ብላ ጠቆመችኝ። ደግሞ ሳታስረዳው ወጣን። ደስ አሰኘኝ።

መኪና ውስጥ አዝመራ ሌላ ነገር አነሣች። ረቡዕ ማታ ፋሲካ ይገባል። እሷ ቤት ነው የምንበላው፣ ሁልጊዜ የምባርከው እኔ ነኝ፣ ከግብፅ መውጣቱን የምናገረው እኔ ነኝ። ዘመዶች ከአፉላ ከተማ ይመጣሉ። እግርዎን በላስቲክ እንጠቅልለውና ይታጠቡ፣ ለአንድ ማታ፣ አለች።

እግር ያልታጠበ ሰው ታጠበ ይባላል? ግማሽ ንጹሕ የሚባል የለም። ታዲያ እንዳለሁ ልምጣ? ይሆናል፣ ማንም አያይዎትም አለች። እኔ አያለሁ። ለምን ያን ሁሉ ቀን በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ?

ሳይታጠቡ ካልመጡ፣ ከታጠቡ ደግሞ እግርዎ ከሄደ፣ ምን ላድርግ አባዬ? አለች። መሪውን ይዛ አለቀሰች። ሕፃኖቹ አያታቸውን ይጠብቃሉ። የሷንም ፋሲካ ነው ለካ የማበላሽባት።

 ቤት አድርሳኝ ሄደች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 22። ጠዋት

ነጋ። በረንዳው ላይ ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ይጠርጋል፣ ምንጣፍ ይደበድባል፣ እርሾ ያለበትን ሁሉ ያወጣል። ጎረቤቴ ከታች ሆና፣ ይርጋ እርስዎ አያጸዱም? ትላለች። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ባለቤቱ ነው ያልጸዳው አልኳት። ደንግጣ ገባች።

ሌሊቱን አሰብኩ። አባቴ ኦሪት ሲነበብ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማው፣ እኔም አጠገቡ። አንድ ቦታ ነበረች፣ እሷ ስትነበብ ሁልጊዜ ጉልበቴን ነካ ያደርገኝ ነበር። በበረሐው ሬሳ የነኩ ሰዎች፣ በፋሲካ ቀን ርኩስ የሆኑ፣ ወደ ሙሴ መጥተው ጮኹ። ለምን እንከለከላለን አሉ። እነሱም ተቆጥተው ነው! ሙሴም ጠየቀ። ለነሱ ሌላ ፋሲካ ተሰጣቸው። በሁለተኛው ወር፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቂጣ። ርኩስ የሆነም፣ መንገድ የራቀበትም።

እኔ ይህን ስሰማ ኖሬ፣ ለማን እንደተጻፈ አላውቅም ነበር።

አዝመራ ጋ ደወልኩ። ቁጭ በይና ስሚኝ አልኳት። ነገ አልመጣም። ቡራኬውን ባልሽ ይበል፣ አይችልም ብትይ ሰጠኝን ጥሪው፣ ይችላል፣ ያጣምመዋል እንጂ። ለሽማግሌዎቹ ቤት ዛሬውኑ ደውዪ፣ አልጋውን ቤት ለሌለው ሰው ይስጡት። ላሪሳ በየቀኑ ትምጣ፣ እኔ በደረቅ እግር እጠብቃታለሁ፣ እስኪገጥም።

ፋሲካስ አባዬ? አለች።

ከዱቄቱ ለይተሽ አስቀምጪልኝ አልኳት። የኔ ፋሲካ በሚመጣው ወር ነው። ታጥቤ እመጣለሁ።